ማንም ያልመረጠው ዘፈን፦ «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» እንዴት ተወለደ፣ እንዴትስ ገነነ?

የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ዲፕ ፐርፕል በማርች 1972 «ማሽን ሄድ» የተሰኘ አልበም አወጣ። (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ሸክላው ላይ ሰባት ዘፈኖች ነበሩ። በዚያ ዘመን አልበም ሲወጣ ከዘፈኖቹ አንዱ ተመርጦ በትንሿ ሸክላ ለብቻው ይታተማል። ነጠላ ዜማ የሚባለው እሱ ነው። ሬዲዮ የሚያጫውተው፣ ወጣቱም በኪስ ገንዘቡ የሚገዛው እሱን ነው። አልበሙን ገበያ ላይ የሚያቆመውም እሱ ስለሆነ ምርጫው ቀላል ነገር አልነበረም።

የተመረጠው «ኔቨር ቢፎር» ነበር። አጭር ነው፣ ዜማው ቶሎ ይያዛል፣ ለሬዲዮ ታስቦ የተሠራ ነው። እንግሊዝ ውስጥ 35ኛ ደረጃ ላይ ደረሰና እዚያው ቀረ።

በሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ የመጀመሪያው ሆኖ የተቀመጠውን ዘፈን ግን ለነጠላ ዜማነት ያሰበው አልነበረም። ወደ ስድስት ደቂቃ ይጠጋል። ስለ ፍቅር አያወራም። ግጥሙ በአንዲት የስዊዘርላንድ ከተማ ስለተነሳ እሳት ይተርካል። ይህ ዘፈን ከአንድ ዓመት በላይ አልበሙ ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። በሜይ 1973 አሜሪካ ውስጥ በነጠላ ዜማ ሲወጣ ግን በቢልቦርድ ሰንጠረዥ እስከ 4ኛ ደረጃ ወጣ። ካናዳ ውስጥ 2ኛ ሆነ። ዛሬ በዓለም ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር»ን ያልሞከረ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

የሙዚቃ ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህ ጉዳይ ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። እነዚህ ሰዎች ጀማሪዎች አልነበሩም። በ1970 «ብላክ ናይት» በተባለው ነጠላ ዜማቸው እንግሊዝ ውስጥ 2ኛ ደረጃ ደርሰዋል። «ማሽን ሄድ» ከመውጣቱ በፊት የነበረው አልበማቸው «ፋየርቦል»ም በአገራቸው አንደኛ ሆኗል። የትኛው ዘፈን እንደሚሸጥ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሥራ እጃቸው ላይ እያለ እንዴት አለፋቸው? ያወጣውስ ማን ነው?

ለምን ሞንትሩ?

ባንዱ ያኔ አምስት ሰው ነበር። ጊታር ሪቺ ብላክሞር፣ ድምፃዊ ኢያን ጊላን፣ ቤዝ ጊታር ሮጀር ግሎቨር፣ ኦርጋን ጆን ሎርድ፣ ድራም ኢያን ፔይስ። በ1971 መጨረሻ አሜሪካን ሊዞሩ ተነስተው ጊላን በጉበት ሕመም ተያዘ። ጉዞው ተሰረዘ። ባልታሰበ ሁኔታ ጊዜ ተገኘና አዲስ አልበም ለመቅዳት ተነሱ።

አንድ የሚያበሳጫቸው ነገር ነበር። መድረክ ላይ ያላቸው ጉልበት ስቱዲዮ ሲገቡ ይጠፋል። ስለዚህ ስቱዲዮ ላለመግባት ወሰኑ። ባዶ አዳራሽ ተገኝቶ እንደ መድረክ እየተጫወቱ መቅዳት ይሻላል አሉ። ከእንግሊዝ ውጭ መቅዳቱ ለግብርም ይመቻቸው ነበር። የመቅጃ መሣሪያውን ከሌላው የእንግሊዝ ባንድ ከሮሊንግ ስቶንስ ተከራዩ። ይህ ባንድ ሙሉ ስቱዲዮ በከባድ መኪና ላይ አስገጥሞ ነበር። መኪናው ደጅ ይቆማል፣ ገመድ ወደ ውስጥ ይዘረጋል፣ ቀረፃው ይጀመራል።

አዳራሹን ያገኘላቸው ክሎድ ኖብስ ነው። ኖብስ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ባለችው ሞንትሩ ከተማ በቱሪዝም ቢሮ የሚሠራ፣ በ1967 የሞንትሩ ጃዝ ፌስቲቫልን ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተ ሰው ነው። የከተማዋ ካዚኖ ትልቅ የኮንሰርት አዳራሽ አለው። ክረምቱ ሲገባ ለእድሳት ይዘጋል። ዲፕ ፐርፕል ለብቻው ሊይዘው ተስማማ። ከመዘጋቱ በፊት የቀረው አንድ ኮንሰርት ብቻ ነበር። እሱም የአሜሪካዊው ሙዚቀኛ ፍራንክ ዛፓ እና የባንዱ የማዘርስ ኦፍ ኢንቬንሽን ነው።

ዲሴምበር 4

ኮንሰርቱ ቅዳሜ ዲሴምበር 4 ቀን 1971 ከሰዓት በኋላ ነበር። የዲፕ ፐርፕል ልጆችም ከታዳሚው መካከል ተቀምጠዋል። ወደ ማብቂያው ገደማ፣ የዛፓ ባንድ «ኪንግ ኮንግ» የተባለውን ሥራ እየተጫወተ ሳለ፣ ከታዳሚው አንዱ በሽጉጥ የሚተኮስ የምልክት ርችት ወደ ላይ ለቀቀ። ኮርኒሱ ከሸምበቆ በሚመስል ደረቅ ነገር የተሸፈነ ነበር። ወዲያው ተያያዘ።

መጀመሪያ ላይ የደነገጠ ብዙ ሰው አልነበረም። ዛፓ ሙዚቃውን አቁሞ ሰዉ ተረጋግቶ እንዲወጣ ነገረው። ከዚያ በኋላ እሳቱ በፍጥነት ገነነ። ኖብስ እየተመላለሰ ውስጥ የቀሩ ወጣቶችን አወጣ። ግጥሙ ውስጥ በስም የተጠቀሰው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ከሚነድ ቤት ሲወጣ አንድም ሰው አለመሞቱን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል። ካዚኖው ግን ሙሉ በሙሉ ወደመ። የዛፓ ባንድ መሣሪያም አብሮ ተቃጠለ።

ዛፓን የገጠመው መከራ በዚህ አላበቃም። ከስድስት ቀን በኋላ ለንደን ሬይንቦው ቴአትር ውስጥ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ገፍትሮ ጣለው። ክፉኛ ተጎድቶ ለወራት በተሽከርካሪ ወንበር ሄደ። ዘፈኑ ይህን አይናገርም። ግን የዚያን ሳምንት ታሪክ ስናወራ የዛፓን መከራ መርሳት ተገቢ አይመስለኝም።

የዲፕ ፐርፕል ልጆች አመለጡና ወደ ሆቴላቸው ሄዱ። ከመስኮቱ ሆነው ካዚኖው ሲነድ አዩ። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ጭሱን እየነዳ ሐይቁ ላይ አስተኛው። እነሱ ይህን ሲያዩ የሚያስቡት ሌላ ነገር ነበር። አልበም የሚቀዱበት ቤት እየተቃጠለ ነው። በብዙ ገንዘብ የተከራዩት የስቱዲዮ መኪና ደጅ ቆሟል። የተያዘው ጊዜም እየነጎደ ነው።

በሩን የያዙት ሰዎች

ኖብስ በከተማው መሐል ፓቪዮን የተባለ ቴአትር ቤት አገኘላቸው። መኪናው ተጠጋ፣ ገመድ ተዘረጋ፣ መሣሪያ ተተከለ። ማታ ላይ መጫወት ጀመሩ። ብላክሞር አንድ አጭር የጊታር ሐረግ ይዞ መጣ። ፔይስ ድራሙን አገባበት። ገና ግጥም የለውም፣ ስምም የለውም። ለጊዜው «ርዕስ ቁጥር 1» ብለው ጠሩት።

ይህ ባንድ የሚጫወተው በታላቅ ድምፅ ነው። ፓቪዮን ያለው ደግሞ ሰው የሚተኛበት ሠፈር ውስጥ ነው። ጎረቤት እንቅልፍ አጣ፣ ፖሊስ ተጠራ። ፖሊሶቹ መጥተው በር ሲያንኳኩ ውስጥ ያለው ባንድ ጥሩውን ቅጂ ሊይዝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የባንዱ ዕቃ የሚያጓጉዙት ልጆች በሩን ከውስጥ ተደግፈው ያዙ። ፖሊስ ከውጭ ይገፋል፣ እነሱ ከውስጥ ይገፋሉ። ባንዱ ተጫውቶ ጨረሰ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። በዚያው ሌሊት ከፓቪዮን ተባረሩ።

ዛሬ የምንሰማው የዘፈኑ መሠረት ያ ቅጂ ነው። የእነዚያ በር ያዦች ስም ሸክላው ላይ በዘፋኝ ወይም በደራሲ መልክ አልተጻፈም። እኔ ግን የዚህን ዘፈን የስኬት ታሪክ ስቆጥር ከነሱ ነው የምጀምረው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ቀን በፍለጋ አለፈ። በመጨረሻ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ግራንድ ሆቴል የተባለ ለክረምት የተዘጋ ትልቅ ሆቴል ተገኘ። ባዶ ነው፣ ይቀዘቅዛል። አንዱን ኮሪደር ስቱዲዮ ለማድረግ ወሰኑ። ከመኝታ ክፍሎቹ ፍራሽ አውጥተው ግድግዳና መተላለፊያ ላይ አቆሙ፤ ድምፁ እንዳይበተን ነው። ማሞቂያ አስመጡ። ቀይ አምፖል ሰቀሉ። ዘፈኑ ውስጥ ስለ ቀይ መብራትና ስለ አሮጌ አልጋ የሚነሳው ነገር የፈጠራ አይደለም፤ ክፍሉ እንዲያ ነበር።

የስቱዲዮው መኪና የቆመው ውጭ ነው። የቀዱትን ለመስማት ከኮሪደሩ ተነስቶ፣ መኝታ ክፍሎችን አቋርጦ፣ በረንዳ ተሻግሮ፣ ደረጃ ወርዶ፣ በረዶ ውስጥ ገብቶ መኪናው ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። ከዚያ ተመልሶ እንደገና መቅዳት። ጥቂት ከተመላለሱ በኋላ ሰለቻቸውና መስማቱን ተዉት። መኪናው ውስጥ ያለው የድምፅ ባለሙያ ማርቲን በርች ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው፣ ይቀጥላሉ።

እኔ የዚህ አልበም ጉልበት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ስቱዲዮ ውስጥ ሙዚቀኛ የቀዳውን ደጋግሞ ይሰማል፣ ይጠራጠራል፣ ያርማል፣ እንደገና ያርማል። ማረሙ ሲበዛ ሕይወቱ ይወጣል። እነዚህ ሰዎች ለማረም ዕድል አላገኙም። የፈለጉትን የመድረክ ስሜት ያገኙት ያሰቡት አዳራሽ ተቃጥሎ ነው።

ጥቂት ደቂቃ ሲጎድል

ቀረፃው ሊያልቅ ሲል አንድ ችግር ታየ። ለሸክላው የሚያስፈልገው ርዝመት አልሞላም፤ ጥቂት ደቂቃ ይጎድላል። ያኔ ነው በፓቪዮን የተቀዳው «ርዕስ ቁጥር 1» ትዝ ያላቸው። ሙዚቃው አለ፣ የሚጎድለው ግጥም ነው።

ከእሳቱ በኋላ ባለው አንድ ማለዳ ግሎቨር ከእንቅልፉ ሲነቃ አፉ ላይ አንድ ሐረግ መጣ። ጭስ በውኃው ላይ። ለጊላን ነገረው። ጊላን ጥሩ ርዕስ መሆኑን ቢያምንም የአደንዛዥ ዕፅ ዘፈን ይመስላል ብሎ ገሸሽ አደረገው። እነሱ ጠጪዎች እንጂ የዕፅ ሰዎች አልነበሩም፤ እንዲያ እንዲጠረጠሩም አልፈለጉም። አሁን ግን ግጥም በአስቸኳይ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ጻፉት። ወደ ሞንትሩ ለምን እንደመጡ፣ ዛፓ ሲጫወት እሳት እንደተነሳ፣ ኖብስ ሰው እንዳወጣ፣ ቦታ አጥተው እንደተንከራተቱ፣ በመጨረሻ ባዶ ሆቴል እንደገቡ።

አዝማሪ ፊቱ ያለውን ነገር ወዲያው በግጥም እንደሚያወርደው ማለት ነው። ምሳሌ የለውም፣ ቅኔ የለውም፣ ሰም ብቻ ነው። ቦታው በስሙ ተጠርቷል፣ ሰውም በስሙ ተጠርቷል። ብዙ ሰው ይህን ግጥም ደካማ ነው ይላል። አልስማማም። ቀጥተኛነቱ ነው ያቆየው። አድማጩ ምን ለማለት ተፈልጎ ነው ብሎ አይጨነቅም። ታሪኩ ይነገረዋል፤ አዝማቹ ሲመጣ ደግሞ ያ ታሪክ በአንድ ምስል ይቋጫል፤ ጭሱ ሐይቁ ላይ ተኝቷል፣ ሰማዩ በእሳት ቀልቷል።

ሪፉ

ሪፍ የሚባለው በዘፈን ውስጥ እየተደጋገመ የሚመጣ አጭር የመሣሪያ ሐረግ ነው። የዚህ ዘፈን ሪፍ የተሠራው ከአራት ድምፅ ብቻ ነው። ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ እና ዲ ፍላት። አንዱ ዙር አሥራ ሁለት ምት አለው። በመጀመሪያ ሦስት ምት ይመጣና ያርፋል። ቀጥሎ አራት ምት ይመጣል፤ ዲ ፍላት ብቅ የምትለው እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ቅመሙም እሷ ነች። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ይመለሳሉ፣ በሁለት ምት ወደ ቤቱ ይገባል። አለቀ። ጥቂት ድምፅ ባለው ቅኝት ላደገ ጆሮ ይህ ባዳ ነገር አይደለም።

ግን ቀላልነቱ አያታልላችሁ። ብላክሞር እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው አይመታም። አብሮት በድምፅ መሰላል ላይ ከሱ አራተኛ የሆነውን ድምፅ ያሰማል፤ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ክሮች እኩል ይነዝራሉ። ድምፁ ጥንታዊ የሆነ፣ ከደስታም ከሐዘንም ያልወገነ ነገር አለው። መምቻም አይጠቀምም፤ ሁለቱን ክሮች በጣቱ አንድ ላይ ይነቅላቸዋል። በመምቻ ሲመታ አንዱ ክር ከሌላው በጥቂት ይቀድማል። በጣት ሲነቀል ሁለቱ በአንድ አፍታ ይወጣሉ። ጊታር ያላችሁ ሁለቱንም መንገድ ሞክሩት፤ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ለጀማሪ የሚመችበት ምክንያትም አለ። በተለመደው የጊታር ቅኝት ጎን ለጎን ያሉት አብዛኞቹ ክሮች የሚራራቁት በአራተኛ ነው። ስለዚህ በአንድ ጣት ሁለት ክር መጫን ይበቃል። ጊታር በያዘ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ የዓለም ዝነኛ ዘፈን መጫወት ይችላል።

ሁለተኛው ምሥጢር ጆን ሎርድ ነው። ሐመንድ ኦርጋኑን በማርሻል የጊታር ማጉያ በኩል አሳልፎ ያንኑ ሪፍ ይደግመዋል። ብዙ ሰው ጊታር ብቻ እየሰማ ይመስለዋል። ያ የሚከብደው፣ የሚጎረብጠው ድምፅ ግማሹ ኦርጋን ነው። አገባቡንም ልብ በሉ። መጀመሪያ ጊታር ብቻውን ይመጣል። የድራሙ ሃይ-ሃት (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሳህን) እና ኦርጋኑ ይከተላሉ። ቀጥሎ ሙሉ ድራሙ። ቤዙ የመጨረሻው ነው። ጊላን አፉን ከመክፈቱ በፊት አድማጩ ሪፉን በቃሉ ይዞታል።

ይህን ሁሉ ሠርተው ነው እንግዲህ ነጠላ ዜማ ያልመሰላቸው። በጊዜው ሚዛን ካየነው አይፈረድባቸውም። ለሬዲዮ ይረዝማል። ግጥሙ ከሞንትሩ ነዋሪ በቀር ማንን ይመለከታል ያሰኛል። ሪፉም ለነሱ በጣም ቀላል ነበር፤ ችሎታ የሚያሳዩበት ሌላ ብዙ ሥራ አልበሙ ውስጥ አላቸው። ባለሙያ ቀላሉን ነገር የሚንቅበት ጊዜ አለ።

አድማጭ ሲመርጥ

አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ባንዱ ጉዞውን ቀጠለ። መድረክ ላይ ግን አንድ ነገር መታየት ጀመረ። ይህ ዘፈን ሲጀመር አዳራሹ ይለወጣል።

በኦገስት 1972 ጃፓን ሄዱ። ኦሳካ ውስጥ ሁለት ምሽት፣ ቶኪዮ ቡዶካን ውስጥ አንድ ምሽት ተጫወቱ። የጃፓን አከፋፋያቸው ኮንሰርቶቹ በሸክላ እንዲወጡለት ፈለገ። ባንዱ ብዙ ደስ ባይለውም ተቀበለ። የወጣው «ሜድ ኢን ጃፓን» የተባለው ድርብ አልበም ነው። እዚያ ላይ ያለው «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ከሰባት ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ብላክሞር ሪፉን ሲጀምር በሕዝቡ ላይ ይጫወትበታል፤ ምቱን ትንሽ ያዛባዋል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ከዚያ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ይህን ቅጂ የሰማ ሰው ዘፈኑ ምን ያህል አቅም እንዳለው ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

አሜሪካ ውስጥ የሚያሳትማቸው ዋርነር ብራዘርስ ነበር። ጊላን እንደሚተርከው ከኩባንያው ሰዎች አንዱ ኮንሰርት ላይ ተገኝቶ ሕዝቡ ለዚህ ዘፈን የሰጠውን ምላሽ አየ። ሮጦ ሄዶ ዘፈኑን አሳጠረው፤ ከአራት ደቂቃ በታች ሆነ። በሜይ 1973 ነጠላ ዜማው ወጣ። በአንዱ ገጽ የስቱዲዮው ቅጂ፣ በሌላው የጃፓኑ የመድረክ ቅጂ።

ይህ አወጣጥ ብልኅነት ነበረበት። አጭሩን ለሬዲዮ ሰጡ። የመድረኩን ደግሞ ያንን ድምፅ ለሚፈልገው ወጣት ሰጡ። ገዢው በአንድ ሸክላ ሁለቱንም አገኘ፤ «ሜድ ኢን ጃፓን»ም በዚያው ተዋወቀ። ውጤቱ በጥቂት ሳምንት ታየ። ነጠላ ዜማው እስከ 4ኛ ወጣ። አንድ ዓመት ያለፈው «ማሽን ሄድ» እንደገና ተነስቶ በአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ እስከ 7ኛ ደረሰ። አሮጌ አልበም በአዲስ ነጠላ ዜማ ሲነሳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ብዙ የለም።

በገዛ አገራቸው እንግሊዝ ዘፈኑ በነጠላ ዜማ የወጣው በ1977 ነው። 21ኛ ደረጃ ደረሰ። ያኔ ባንዱ ራሱ ፈርሶ ነበር።

ስኬቱ ሲመጣ ቤቱ ባዶ ነበር

የዚህን ታሪክ አሳዛኝ ክፍል ብዙ ሰው ይዘልለዋል። ባንዱ ለዓመታት ያለ ዕረፍት ሠርቷል። ጉዞ፣ ቀረፃ፣ ጉዞ፣ ቀረፃ። ሕመም ሲመጣ እንኳ በቂ ማገገሚያ የለም። በጊላንና በብላክሞር መካከል ያለው ግንኙነት ተበላሸ። ጊላን በዲሴምበር 1972 የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ፤ እስከሚቀጥለው ጁን መጨረሻ ሠርቶ እንደሚወጣ አሳወቀ። ግሎቨርም አብሮት ወጣ።

የመጨረሻ ኮንሰርታቸው ጁን 29 ቀን 1973 ኦሳካ ውስጥ ነበር። ቀኑን ልብ በሉት። ነጠላ ዜማው አሜሪካ ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ያለበት ወቅት ነው። ርዕሱን በሕልም ያገኘው ሰውና ግጥሙን የዘፈነው ሰው፣ ዘፈኑ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ሲደርስ ባንዱ ውስጥ የሉም። በእነሱ ቦታ ዴቪድ ካቨርዴልና ግሌን ሂውዝ ገብተው ዘፈኑን ለአዲሱ ሕዝብ ማቅረብ ያዙ።

ጊላን ከዓመታት በኋላ ሲናገር፣ ጥሩ አስተዳዳሪ ቢኖራቸው ኖሮ ለሁሉም የሦስት ወር ዕረፍት ይሰጣቸው ነበር ብሏል። እኔም ይህ ሊሆን ይገባው ነበር እላለሁ። ገበያው ውስጥ ሸክላ እያለ ሰው ማሳረፍ ኪሳራ ይመስላል። የዲፕ ፐርፕል ኪሳራ ግን ከዚያ የከፋ ነበር። አምስቱ ሰዎች እንደገና አንድ ላይ የተገናኙት በ1984 ነው። አንድ ጥሩ ውሳኔ ቀድመው ወስነው ነበር፤ የዘፈኑ ደራሲነት በአምስቱም ስም ተመዝግቧል። ስለዚህ የወጡትም ከገቢው አልተነቀሉም።

ከሰንጠረዡ በኋላ

ካዚኖው ተሠርቶ በ1975 ተከፈተ። ሞንትሩ ዘፈኑን እንደራሷ ቆጠረችው። ዛሬ በሐይቁ ዳር የሪፉ ኖታ የተቀረጸበት መታሰቢያ ቆሟል። ኖብስ በጃንዋሪ 2013 እስኪሞት ድረስ ፌስቲቫሉን መራ፤ ባንዱም ወደ ከተማዋ ደጋግሞ ተመልሷል።

በ2007 አሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ከ1,700 በላይ ጊታር ተጫዋቾች ተሰብስበው ይህን ሪፍ አንድ ላይ ተጫወቱ። ከዚህ ይልቅ ለእኔ የሚበልጠው ግን አርመን ውስጥ የሆነው ነው።

በዲሴምበር 1988 አርመንን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በ1989 የሮክ ሙዚቀኞች ለተጎጂዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ ተሰበሰቡና አንድ ዘፈን በጋራ ቀዱ። የመረጡት «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር»ን ነው። ጊላንና ብላክሞር አሉበት። የኩዊኑ ብራያን ሜይ፣ የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር፣ የብላክ ሳባዙ ቶኒ አዮሚ፣ የአይረን ሜይደኑ ብሩስ ዲከንሰን፣ ብራያን አዳምስ፣ ሌሎችም። ከተለያየ ባንድ የመጡ ሰዎች ተሰብስበው ያለ ብዙ ልምምድ የሚያውቁት ዘፈን መሆኑ አንድ ምክንያት ይመስለኛል። ሪፉን ሁሉም ይችለዋል።

ጊላንና አዮሚ ከዚያም በኋላ አርመንን አልተዉም። በ2011 ሁለቱ «ሁኬርስ» በሚል ስም ሌላ ነጠላ ዜማ አወጡ። ገቢው በመሬት መንቀጥቀጡ ክፉኛ በተመታችው የጊዩምሪ ከተማ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ዋለ። ትምህርት ቤቱ ተሠርቶ ተከፍቷል።